ምዕራፍ ሰባት፦ ዝም ሲሉ ተነሡ

እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገችው በአንድ መመሪያ ነው። ስንንጫጫ፣ ስንደባደብ፣ ብርጭቆ ስንሰብር ከወጥ ቤት አትነሣም። ቤቱ ድንገት ጸጥ ሲል ግን ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ ትላለች። «ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ» ትላለች። አለም ነበር፤ ወይ የስኳሩ ቆርቆሮ ተከፍቷል፣ ወይ ክብሪቱ ተገኝቷል።

ይህ መመሪያ ለባሕር ዳር ዕረፍትም እንደሚሠራ የገባኝ ዛንዚባር ላይ ነው። የተነሣነው ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ነበር። አዲስ አበባ በነሐሴ ዶፍ ስትታጠብ፣ እኛ አሥራ አንድ ሆነን በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ፣ ከአንድ ሪዞርት የመዋኛ ገንዳ አጠገብ ተዘርግተናል። ስምንታችን አዋቂዎች ነን። ሦስቱ ልጆች ጥልቀት በሌለው ጥግ ይንቦራጨቃሉ። እህቴ ፎቶ ትልካለች፤ ወንድሜ ከጀልባ ልጅ ጋር በዋጋ ይከራከራል፤ እኔ መጽሐፍ ገልጫለሁ። ቢጠይቁን ሁላችንም «ልጆቹን እያየን ነው» ባልን ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ዋና አታውቅም፤ ባሕር ስታይም የመጀመሪያዋ ነው።

«ያቺ ትንሿ ምነው ዝም አለች?» አለች።

ቀና አልን። የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሌሎቹ ጥቂት ክንድ ርቃ፣ የገንዳው ወለል ቁልቁል መውረድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ናት። ላየ ሰው የቆመች ትመስላለች። አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፤ አፏ ከውኃው ልክ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ዓይኗ ፈጥጧል፤ ክንዶቿ ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ። አትጮኽም፣ አትንፈራገጥም፣ እጇን አታወዛውዝም። ወንድሜ ከነልብሱ ገባ። ውኃው ለእሱ እምብርቱ ድረስ ብቻ ነበር። ብድግ አድርጎ አወጣት፤ ሳለች፣ አስመለሳት፣ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ድምፅዋን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ስምንት አዋቂ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርን።

ከቤት ስንነሣ የፈራነው ሌላ ነበር። እህቴ አውሮፕላኑን፣ ወንድሜ ሌባውን፣ ልጆቹ ደግሞ ፊልም ላይ ያዩትን ሻርክ። የዕረፍት ጊዜን የሚያበላሹት፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚቀጥፉት ነገሮች ግን አብዛኞቹ ድምፅ የላቸውም። ውኃ፣ ወበቅ፣ ቡፌው ላይ የዋለ ምግብ፣ የሌሊት ትንኝ፤ አራቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት በዝምታ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ እነሱ ነው። ምሳሌዬ ዛንዚባር ቢሆንም ሞምባሳ ለሚሄድም፣ ክረምቱን ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ለሚያሳልፍም አብዛኛው ይሠራል።

ውኃ ለምን ድምፅ የለውም

ፍራንክ ፒያ የተባለ አሜሪካዊ ላይፍ ጋርድ ኒውዮርክ ውስጥ ኦርቻርድ ቢች በሚባል ባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ሲሰጥሙና ሲወጡ የሚያሳይ ፊልም ቀርጾ ደጋግሞ ካጠና በኋላ ያስተዋለው ነገር የሙያውን አስተሳሰብ ለወጠ። የሚሰጥም ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮኽም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ንግግር የሚመጣው ከትንፋሽ ተርፎ ነው። አፉ ከውኃ ብቅ የሚለው ለቅጽበት ነው፤ ያቺ ቅጽበት አየር ለማስወጣትና ለመሳብ እንጂ «ድረሱልኝ» ለማለት አትበቃም። እጁንም አያወዛውዝም። ሰውነቱ ሳያዘው ክንዶቹን ዘርግቶ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል፤ አፉን ከፍ ለማድረግ ያለው መንገድ ይኸው ብቻ ነውና። ይህ ትግል የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ከውኃ በታች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር። እኛ ደገኞች ይህን ቁጥር የባሕር አገር ሰው ችግር አድርገን እናየዋለን። ዋና ሳይማር ያደገ ወላጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ውኃ ዳር ሲያደርስ፣ በባሕር አገር ተወልዶ ካደገው ይልቅ አደጋው ለእሱ ይቀርባል።

መድኃኒቱ ገጠር ያደገ ሰው የሚያውቀው ነው። የጎረቤት ከብት በአንድ ላይ ሲሰማራ ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ ይታወቃል። «ሁላችንም እንጠብቃለን» የሚል መንደር ማሽላው ይበላል። ከዚያ ቀን በኋላ እኛም ተረኛ እረኛ አበጀን። ስቶን ታውን ከሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ገበያ የገዛነውን ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተረኛ ነው። ተራው 15 ደቂቃ ነው። ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ ቢራ አይቀምስም፤ ሽንት ቤት መሄድ ቢፈልግ እንኳ ባርኔጣውን ለሌላ ሰው ራስ ላይ ሳያደርግ አይነቃነቅም። ተረካቢው «ተረክቤአለሁ» ይላል። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ራሳቸው ባርኔጣው የት እንዳለ ይጠይቁን ጀመር። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ባርኔጣም አይበቃም፤ ጠባቂው ውኃው ውስጥ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት መሆን አለበት።

ክንድ ላይ የሚጠለቁት በአየር የሚነፉ ማንሳፈፊያዎች መጫወቻ ናቸው። ይሾልካሉ፣ ይተነፍሳሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወላጁን ያዘናጋሉ። ጀልባ ላይ ስትወጡ በልጁ ክብደት ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ ቀኑን በአሸዋው ላይ አሳልፉ። ዋና የማያውቅ ወላጅ ልጁን ለማዳን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ዘሎ ቢገባ ብዙ ጊዜ ሁለት ሬሳ ይሆናል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ፎጣ ወይም ዱላ ዘርጉ፣ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ።

የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ዕድሜ ጠገብ ስሕተት ነው። ውኃው አይወጣም፤ ጊዜው ግን ይሄዳል። የሰጠመ ልጅ ያጣው አየር ስለሆነ ቀድሞ የሚሰጠው ትንፋሽ ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል አምስት ጊዜ እፍ ማለት፤ ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነት መጫን፣ ሁለት ትንፋሽ መስጠት፣ እርዳታ እስኪደርስ እሱኑ መደጋገም። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ አይበቃም፤ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና መውሰድ ከማንኛውም የጉዞ ዕቃ ይበልጣል። የነቃ ልጅም ሐኪም ሳያየው ወደ ጨዋታ አይመለስም።

ባሕሩ የሚሄድበትና የሚመለስበት ሰዓት

የዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ለደገኛ ዓይን ተአምር ነው። ጠዋት ደጃችሁ ድረስ የነበረው ባሕር እኩለ ቀን ላይ ርቆ ሄዶ ነጭ ነጠብጣብ መስሎ ይታያል። ባዶ በቀረው ወለል ላይ ሴቶች እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው የሚያለሙትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። ልጆች በዚያ ሜዳ ላይ ሲሮጡ ማየት ደስ ይላል። ባሕሩ ግን ስድስት ሰዓት አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይሞላል፤ ሲመለስም ፊት ለፊት እንደ ሠራዊት አይመጣም። መጀመሪያ የሚሞላው ዝቅ ያሉትን ቦዮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሉት ከኋላችሁ፣ በእናንተና በዳርቻው መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚልና የሚያደናግር ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ የእኛ ጠዋት አራት ሰዓት የእነሱም አራት ሰዓት ነው። የሪዞርቱ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት መሆኑን አስቡት፤ ባሕሩ ከጎደለበት እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜም ያንኑ ያህል ነው። «ውኃው አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የማንን አራት እንደሆነ ሳትጠይቁ ልጅ አታሰማሩ።

የጎደለው ባሕር ወለል ጥቁር የባሕር ጃርት አለበት፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ለሁሉም የውኃ ጫማ ያስፈልጋል። ባሕሩ ውስጥ ሳላችሁ ሞገዱ ወደ ጥልቁ ከጎተታችሁ ከእሱ ጋር አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከሚጎትተው መሥመር ውጡ፣ ከዚያ ወደ የብስ ተመለሱ።

ላብ የማይደርቅበት አገር

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ገደማ የበረረ ልጅ ከባሕር ወለል ልክ ሲወርድ ሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚቀየርበት። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለሚፈስ ሳይሆን ስለሚተን ነው። በደረቁ የደጋ አየር ላባችን ሳናየው ይተናል። ወበቅ ባለበት ግን አየሩ ራሱ ውኃ ስለጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ልጁ ፈሳሹን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም። ሰውነት ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የብዙዎቻችን ዕረፍት ደግሞ አንድ ሳምንት ነው፤ ሰውነታችን ለመድኩ ሲል ሻንጣ እንዘጋለን።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የዝግታ ቀናት ይሁኑ። ልጅ ጨዋታ ላይ እያለ ጥሙን አይናገርም፤ ሽንቱ ግን ይናገራል። እንደ ገለባ ነጣ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ውኃ ጎድሎታል። ሲሯሯጥ የነበረ ልጅ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ፣ ራሴን ሲል፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ወደ ጥላ አስገቡት፤ በእርጥብ ፎጣ አብሱት፣ አራግቡለት፣ እየጎነጨ ይጠጣ። ቃሉ ከተምታታ፣ ከደነዘዘ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ከደረሰ ግን ነገሩ ድካም አይደለም፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ልጆች ለፍልሰታ በሚጾሙበት ቤት ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ ማድረግ የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው። እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ ሳይቀምስ መዋል አዲስ አበባ ላይ የሚቻል ነገር ነው፤ በባሕር ዳር ወበቅ ለልጅ ሌላ ፈተና ነው። ቀኑ ካልተመቸ ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መመካከር ይበጃል። ስለ ጊዜ ከተነሣ፣ የእኛ ክረምት ለዛንዚባር ደረቁና ነፋሻማው ወቅት ነው። ፋሲካን ተከትሎ መሄድ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚወርደው የደሴቲቱ ከባድ ዝናብ ላይ መውደቅ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ቆዳችን የተወሰነ ጥላ ይዞ ተፈጥሯል፤ የተፈጠረው ግን ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ለመዋል አይደለም። አሸዋ ከፀሐዩ ጎጂ ጨረር 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ 25 በመቶ ያህሉን መልሶ ይረጫል። ውኃ ውስጥ ግማሽ ሜትር ወርዶም ከላይ ካለው 40 በመቶ ያህሉ ይገኛል። ስለዚህ የሚዋኝ ልጅ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይልበስ፤ ፊቱና አንገቱ ላይ የፀሐይ ክሬም ይቀባ፤ ከውኃ ሲወጣና በየሁለት ሰዓቱ ይደገምለት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለጥላ፣ ለምሳና ለእንቅልፍ ስጡት።

ቡፌውና የጨው ውኃው

ቤታችን ድስት ውስጥ ያደረ ወጥ ጠዋት ተሙቆ ይበላል። የደጋው ብርድ ስለሚያግዘን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ባሕር ዳር ይህ ልማድ ቤት ይቅር። ሆድ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባሉ፤ የሚመች ሙቀት ሲያገኙ አንዳንዶቹ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። ስለዚህ ቡፌ ፊት ቆማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ትኩሱ ትኩስ ነው ወይ? ቀዝቃዛውስ ቀዝቃዛ ነው? ለብ ያለውን እለፉት። እንፋሎት የሚወጣበትን፣ ፊታችሁ የተጠበሰውን፣ ራሳችሁ የላጣችሁትን ፍሬ ብሉ። ውኃው የታሸገ፣ በረዶው ከምን እንደተሠራ የታወቀ፣ ጥርስ የሚቦረሽበትም ከታሸገው ይሁን። ሻንጣችን ውስጥ የነበረው ቆሎና በሶ ደግሞ ለአስተናጋጆቹ አስገራሚ፣ ለልጆቹ ሆድ እፎይታ ነበር።

ይህም ሆኖ ተቅማጥ ይመጣል። ያኔ የሚያስፈልገው ነገር ታሪኩ መነገር ያለበት ተራ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት ፕራግ ላይ አንድ ግኝት አቀረበ። በአንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር ተያይዘው ካልሆነ የማያስገባ በር አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ደግሞ ውኃ ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ሌላውን በር ቢዘጋም ይህ በር ክፍት ሆኖ ይቆያል። ውኃ ብቻውን ቢጠጣ የማይበቃው ለዚህ ነው።

በ1971 (እ.ኤ.አ.) በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ሲሰደዱ ቦንጋዎን በሚባል ቦታ ባለ መጠለያ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ በበርሜል አስቀመጠ፤ ቤተሰቦችም ለታማሚዎቻቸው በኩባያ እየቀዱ ያጠጡ ጀመር። በመጠለያው የሟቾች ድርሻ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዛሬ በየፋርማሲው ኦ.አር.ኤስ ብለን የምንገዛው ከረጢት የዚያ በርሜል ልጅ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ከረጢት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፣ ከ24 ሰዓት በላይ አታሳድሩ። ከጠፋ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ጨው አታብዙ። ልጁ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ይጥባ፤ የሚበላ ይብላ። ዚንክ ሐኪም ባዘዘው መጠን ይጨመራል። ተቅማጥ የሚያቆመውን የአዋቂ ክኒን ለልጅ አትስጡ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካላለ ወይም መጠጣት እስኪያቅተው ዝም ካለ ጊዜው የሐኪም ነው።

በጥቂቱ የሚነገሩ ነገሮች

ታንዛኒያ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። የእኛ ልጆች መንገድ ሊያቋርጡ ሲሉ ቀድመው ወደ ግራ ማየት ለምደዋል፤ እዚያ መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን ይዛችሁ ተለማመዱ። ሞተር ሳይክል ተከራይቶ ልጅ ማፈናጠጥ የዕረፍት መዝናኛ አይደለም።

ባሕሩ ጨዋማ ስለሆነ ብልሃርዚያ የለበትም፤ የደሴቲቱ ጅረቶችና ኩሬዎች ግን አለባቸው። ልጆች ጅረት ወይም ኩሬ ሲያዩ እንዳይገቡ ከልክሉ። በሽታው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋሉት ዓድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ነበር።

ውሻ፣ ድመት ወይም ጦጣ ልጅ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ጋር ሂዱ። እሾሃማ ዓሣ ከወጋ እግሩን ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውኃ መንከር ሕመሙን ይቀንሳል። ቁጥር ከፈለጋችሁ የታንዛኒያ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ከመነሣት በፊት፣ ከተመለሱ በኋላ

ደጋና ወባ የቆየ ቂም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከወትሮው ከፍ ብላ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ ወረዳዎች ወጥታ ወደ 150,000 የሚገመቱ ሰዎችን ገድላለች። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በሽታው ስለማያውቀውና ሰውነቱም በሽታውን ስለማያውቅ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ወባ ከሌለበት ስላደገ የሚመክትበት ነገር የለውም።

ዛንዚባር ወባን በብዙ ቀንሳለች፤ ግን አላጠፋችም። በዋናው ምድር ታንዛኒያ ደግሞ በሽታው በሰፊው አለ። ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋር ሂዱና ለየልጁ ክብደት የሚሆነውን መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ። መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ይወሰዳል፤ እንደ ዓይነቱ አንድ ሳምንት ወይም አራት ሳምንት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሻንጣው ሲራገፍ ክኒኑም ይረሳል። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማታ ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ያልተቀደደ አጎበር። ከፀሐይ ክሬም ጋር ከሆነ ክሬሙ ይቅደም፣ ቅባቱ ይከተል። ቀን የምትነድፈዋ ሌላዋ ትንኝ ደንጊ ታስተላልፋለች፤ ስለዚህ ለትኩሳት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጥም።

በዚያው ቀጠሮ የቢጫ ወባ ክትባቱንም ጨርሱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው፣ ከአንድ ዓመት ልጅ ጀምሮ፣ ታንዛኒያ ሲገባ ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ የጉዞ መድን ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ወረቀቱ ለኢሚግሬሽን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሌሊት ወደ ሌላ አገር ሆስፒታል መጓጓዝ ቢያስፈልግ ማን እንደሚከፍል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከሁሉም የሚዘነጋው ግን ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የወባ ተሕዋስ ከትንኟ ወደ ደም ከገባ በኋላ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይደበቃል፤ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ምንም ምልክት አያሳይም። አንዳንዴ ወራት ይቆያል። ስለዚህ በባሕር ዳር የተነደፈ ልጅ የሚታመመው አልጋው ላይ፣ ካፖርት ለብሶ፣ ባሕሩ ተረስቶ ነው።

እኛ በተመለስን በአሥረኛው ቀን፣ ጳጉሜን 3፣ ያቺው የእህቴ ልጅ አተኮሳት። ሌሎቹ አበባየሆሽ ሲለማመዱ እሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ ግድግዳ ታያለች። እናቴ ዳማከሴ ቀጥፋ እያሸች ነበር። «ፀሐይ ላይ ስትውል ከርማ፣ ምች ነው» አለች። አገራችን ውስጥ ይህ ፍርድ በስንት ቤት እንደሚሰጥ፣ ስንት ልጅም ሁለትና ሦስት ቀን እንደሚያዘገይ አሰብኩ።

«እማዬ፣ ዳማከሴው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ደሟ ይታይ» አልኳት።

እናቴ ልጅቷን ቁልቁል አየቻት። እጇን ጠረገችና ነጠላዋን አነሣች። «እውነትህን ነው። ዝም ብላለች» አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ቀድመን የተናገርነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከአሥር ቀን በፊት ዛንዚባር ነበርን።» ሐኪሟ ይህን ባትሰማ ኖሮ ለጉንፋን የሚሆን ሽሮፕ ጽፋ ትሸኘን እንደነበር ራሷ ነገረችን። ደሟ ታየ፤ ወባ የለበትም። «ትኩሳቱ ነገም ካለ መልሳችሁ አምጧት፤ አንድ ምርመራ አይበቃም» አለችን። በማግሥቱም አመጣናት፤ አሁንም ንጹሕ ነው። የክረምት ማብቂያ ጉንፋን ኖሯል። ዳማከሴውም ማታ በእናቴ እጅ ታሽቶ ተጠጣ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጆቹ አንድ ላይ ሆነው ቤቱን አናወጡት። ከበሮው ሲደለቅ፣ አንድ ነገር ሲወድቅና ሲሰበር ሰማሁ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር፤ አልተነሣችም።